በበለጠ ደን ሸለቆ ውስጥ ወንዝ ተከትሎ መጓዝ፦ መንገዱ፣ ወቅቱና የባለቤቶቹ ፈቃድ

የሄርማታ መምህር፣ ኅዳር 4

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ሰቃ ጨቆርሳን ካለፈ በኋላ፣ ሸቤ ከመድረሱ በፊት፣ የበለጠን ደን ሰንጥቆ ያልፋል። አብዛኛው የከተማችን ሰው ይህን ደን የሚያውቀው በመኪና መስኮት ብቻ ነው፤ አየሩ ድንገት ቀዝቀዝ ሲልና ጉሬዛዎች ከመንገዱ በላይ ሲዘሉ ካልሆነ በቀር ልብ ብሎ የሚያየው የለም። ከመንገዱ በታች ግን ዛፍ ያለበሰው ጠባብ የወንዝ ሸለቆ አለ፤ በሸለቆው ውስጥም ወንዙን ተከትሎ የሚወርድ የእግር መንገድ አለ። በጥር መጨረሻ፣ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ የትምህርት ቤታችንን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተማሪዎችና ጥቂት ባልደረቦቼን ይዤ በዚህ መንገድ ለመጓዝ አስቤአለሁ። ስለዚህ አካባቢውን የምታውቁ ሰዎች እንድትመክሩኝ እጠይቃለሁ። አስቀድሜ ግን ሸለቆውን ያላየ ሰው ስለ ምን እንደምንነጋገር እንዲረዳ መንገዱን ልግለጸው።

ጉዞው የሚጀምረው ከገበሬ ጓሮ አጠገብ ነው። እንሰቱንና የጓሮ ቡናውን እንዳለፉ፣ ሰሳና ብሳና ጥላ የሆኑለት የደን ቡና ይቀጥላል። እዚህ ድረስ መሬቱ ገር ነው፣ ቀዩ አፈርም ለእግር ይመቻል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ቡናው እየሳሳ ይሄድና እጅ ያልበዛበት ጫካ ይተካዋል፤ ሐረጉ ይበዛል፣ ቅርንጫፎቹን የዛፍ ሽበት ያለብሳቸዋል፣ ቀረሮው ከሌሎቹ ዛፎች ሁሉ በላይ ወጥቶ ይታያል። የቀረሮ ግንድ ያለ ቅርንጫፍ ሽቅብ ስለሚሄድ ጫፉን ለማየት ቆም ብሎ ማንጋጠጥ ያስፈልጋል፤ ያን የማያደርግ መንገደኛ የዚህን ደን ቁመት ሳይረዳ ይመለሳል።

ውሃው ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል። ከታች ሲደረስ ወንዙ በጥቁር ድንጋይ መካከል እየተሰበረ፣ በየደረጃው አነስተኛ ፏፏቴ እየሠራ ይወርዳል። ዳርና ዳሩን ዶቅማና ዘምባባ ይዘውታል፤ የዶቅማው ሥር ድንጋዩን አቅፎ ውሃው ውስጥ ይገባል። ሸለቆው ጠባብ፣ ቅጠሉም ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ፀሐይ እስከ ውሃው የምትደርሰው ቀትር አካባቢ ብቻ ነው። መንገዱ አንዳንድ ቦታ ከውሃው ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ገደል ሲያግደው ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ፣ በዛፍ ሥሮች ላይ ተረማምዶ፣ እንደገና ወደ ወንዙ ይመለሳል። ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ መሻገር ግድ የሚሆንባቸው ቦታዎችም አሉ። መጨረሻው ላይ ሸለቆው ሰፋ ይልና አንድ ትልቅ ሾላ ያለበት፣ የአካባቢው ሰዎች ውሃ የሚቀዱበትና ከብት የሚያጠጡበት መስክ ይገኛል።

ተማሪዎቼን ወደዚያ መውሰድ የምፈልግበት ምክንያት አለኝ። ቡና በየዕለቱ የሚጠጡ፣ ጅማ የቡና አገር ናት ሲባል እየሰሙ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ቡናን ያዩት በማሳ ተደርድሮ ወይም በጆንያ ተሞልቶ ነው። አረቢካ የሚባለው የዓለም ቡና የተገኘው እንደዚህ ባለው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ፣ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ራሱን በራሱ እየዘራ ሲያድግ ነው። ይህን በመጽሐፍ ማስተማር ይቻላል፤ በዚያ ጥላ ሥር ቆሞ ማስተማር ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። መንገዱን ለመጠቀም ማንን ማስፈቀድ ይገባል? በጥር ወር የወንዙ መሻገሪያዎች አስተማማኝ ናቸው? ሌሎች ትምህርት ቤቶችም መምጣት እንዲችሉ በየመታጠፊያው ዛፎች ላይ የቀለም ምልክት ብናደርግና የመንገዱን ካርታ ብናሰራጭ ምን ትላላችሁ?

እናት ከመንቲና፣ ኅዳር 4

ልጄ ከክበቡ አባላት አንዷ በመሆኗ በትኩረት አነበብሁት። መውጫው ምን ያህል ያደክማል? አስም ያለባት ልጅ ልትችለው ትችላለች? መሃል ላይ የደከመ ሰው የሚመለስበት አቋራጭ አለ?

ንብ አናቢ ከሸቤ ሶምቦ፣ ኅዳር 5

አሰላሙ አለይኩም ጋሽ መምህር። የገለጹትን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመላለስበት አውቀዋለሁ፤ አገላለጽዎም ትክክል ነው። በመጀመሪያ ለእናታችን ልመልስ። ከወንዙ መሃል አካባቢ በስተቀኝ የሚወጣ፣ ለከብት የተሠራ አቋራጭ አለ፤ ቁልቁለቱ ገር ስለሆነ የደከመ ሰው በዚያ በኩል ወጥቶ ከአስፋልቱ ይገናኛል። ዋናው መውጫ ግን ቀጥ ያለ ነውና አስም ላለባት ልጅ አልመክረውም፤ ወደ ሾላው ሳትደርስ በከብቱ መንገድ ብትመለስ ይሻላል።

ፈቃድን በተመለከተ ብዙ የከተማ ሰዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ከውጭ ለሚያየው ያ ሸለቆ ማንም ያልያዘው ጫካ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ከዚያ ይለያል። ይህ የቡና ቦታ የማን እንደሆነ፣ ድንበሩ ከየትኛው ዋንዛ እስከ የትኛው ምንጭ እንደሚደርስ፣ በዚያ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ የማን እንደሆነ ሁሉ ይታወቃል። እርስዎ የሚሄዱበት መንገድ ራሱ ቡና ለቃሚዎች፣ ውሃ ቀጂ ሴቶችና እኛ ንብ አናቢዎች በእግራችን ያወጣነው መንገድ ነው። ከላይ እስከ ታች ያለውን የሚያስተባብረው ደግሞ የደን አስተዳደር ማኅበራችን ነው። በበለጠና በጌራ ደኖች ዋቡብ የሚባሉት እነዚህ ማኅበራት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ድጋፍ በየቀበሌው ሲቋቋሙ፣ ገበሬው ደኑን ሊጠብቅ፣ በምላሹም የደን ቡናውንና ማሩን ያለ ስጋት ሊጠቀም ውል ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የደን ቡናችን፣ ደንን ሳይጎዳ ለሚመረት ምርት የሚሰጠውን የሬይንፎረስት አሊያንስ የምስክር ወረቀት ያገኘውም በዚሁ ሥራ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ቀበሌው መጥተው ከማኅበሩ ሰብሳቢ ጋር ይነጋገሩ። ማኅበሩ ከተስማማ፣ መንገዱ የሚያልፍባቸው ባለቡናዎች ቀኑን አስቀድመው እንዲያውቁ ይደረጋል።

አሁን እኮ ቀይ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ የማይታወቅ ሰው በቡና ውስጥ ሲያልፍ ቢታይ ጠባቂው ማንነቱን መጠየቁ አይቀርም፣ መጠየቁም ተገቢ ነው፤ የዓመቱ ልፋት ያለው በዚያ ቅርንጫፍ ላይ ነውና። ጥርን መምረጥዎ በዚህ በኩልም መልካም ነው። ለቀማው ያልቃል፣ መሬቱ ይደርቃል፣ ሰውም የማነጋገር ጊዜ ይኖረዋል። ለተማሪዎቹ አስቀድመው ይንገሩልኝ፤ በመንገድ የሚያገኙትን ሰው ሁሉ ሰላም ሳይሉ እንዳያልፉ። «አካም ጅርቱ» ያለ ልጅ በማንም ቡና ውስጥ በክብር ያልፋል።

ስለ ቀፎም ልጨምር። ቀፎዎቻችንን የምንሰቅለው በረጃጅም ዛፎች ላይ በመሆኑ ቀና ብሎ ያላየ ሰው አያስተውላቸውም። ሽቶ የተቀባ ሰው ንቦችን ያስቆጣል፤ ድንጋይ መወርወርና በዛፉ ሥር መጮህም እንዲሁ። ገተም የሚባለው ዛፍ በሚያብብበት ወቅት፣ ማለትም ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ነጩ ማራችን ስለሚሠራ ንቡ ይበረታል፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ይዞ መምጣትን አልደግፍም።

የውሃ ባለሙያ፣ ኅዳር 6

የመሻገሪያዎቹን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ሥራዬ ከወንዝ ጋር ነውና።

የጅማ አካባቢ በዓመት በአማካይ ወደ 1500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛል፤ ዝናቡም በክረምት ብቻ የሚወሰን ሳይሆን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅ የሚባለው ከሌሎቹ ወራት ጋር ሲነጻጸር እንጂ ፈጽሞ ስለማይዘንብ አይደለም። ጥር ላይ ወንዙ ዝቅ ብሎ የምንረግጣቸው ድንጋዮች ገላጣ ይሆናሉ። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጠባብ ሸለቆ የሚያሰጋው በራሳችን ላይ የሚወርደው ዝናብ ሳይሆን እኛ የማናየው ዝናብ ነው። ከላይ፣ ከተራራው ጀርባ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ጠንክሮ ከዘነበ ሸለቆው ውስጥ ፀሐይ እየወጣ ሳለ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ምልክቶቹን ለተማሪዎቹ ማስተማር ይገባል፤ የጠራው ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ በብዛት መውረድ ከጀመረ ወይም የወንዙ ድምፅ እየጎላ ከመጣ፣ ዕቃ ለመሰብሰብ እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ዳገቱ መውጣት ነው። ወንዙን ተሻግሮ ወደ መጡበት ለመመለስ መሞከር አይገባም፤ ሰው የሚወሰደው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ሰዓት ነውና። የውሃው ኃይል ከጉልበት በላይ ሲደርስ ብርቱ ጎልማሳንም ይጥላል። በአካባቢያችን ከሰዓት በኋላ የመዝነብ ልማድ ስላለ ሸለቆውን እስከ ቀትር ጨርሶ መውጣት ይመረጣል።

መምህሩ ስለ ጥቁሩ ድንጋይ ጠቅሰዋልና እሱንም ላብራራ፤ ለተማሪዎች ጥሩ ትምህርት ይሆናል። ድንጋዩ ባዛልት ነው፤ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከምድር ስንጥቅ እየፈሰሰ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ የደጋውን መሬት የሠራ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው። ንብርብሮቹ እኩል ጥንካሬ የላቸውም። ወንዙ ለስላሳውን ቶሎ ይቆርጠዋል፣ ጠንካራው ላይ ሲደርስ ይዘገያል፤ ያ ጠንካራ ንብርብር ነው ፏፏቴ የሚሆነው። ሸለቆው የተቆፈረው በዚህ መንገድ ሲሆን ቁፋሮው አሁንም አልቆመም። ያንኑ ድንጋይ ዝናብና ሙቀት አበስብሰውት ነው ከላይ ያለው ቀይ አፈር የተገኘው።

ውሃው ወዴት እንደሚሄድም ይጠይቁ። በዚያ በኩል የሚወርዱት ጅረቶች ጎጀብን ይቀላቀላሉ፤ ጎጀብ ኦሞን ይገናኛል፤ ኦሞም በጊቤ 3 ግድብ አልፎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። የጅማ ከተማው አወይቱም በቦዬ ረግረግ አልፎ፣ ግልገል ጊቤን ይዞ፣ በመጨረሻ ወደዚያው ኦሞ ይሄዳል። በዞናችን ሰሜን ምዕራብ የሚነሳው ዴዴሳ ግን ወደ ዓባይ ነው የሚፈሰው። በአንድ ሸንተረር ላይ የወረደ ዝናብ ግማሹ ወደ ቱርካና፣ ግማሹ ወደ ሜድትራንያን የሚጓዝበት አገር ላይ ነው ያለነው፤ የጅማ ልጅ ይህን ሳያውቅ ማደግ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

መንገዱን ማስፋትና ማስተካከል ግን እቃወማለሁ። ቀይ አፈር በዳገት ላይ ተራግጦ ቅጠል ከራቀው ዝናብ ወዲያው ያጥበዋል። ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ ከጥቂት ክረምት በኋላ ቦረቦር ይሆናል፣ ቦረቦሩም አፈሩን ወደ ወንዙ ያወርደዋል። የገበሬዎቹ መንገድ ጠመዝማዛ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አቋራጭ ፍለጋ ጠመዝማዛውን መቁረጥ ወንዙን መጉዳት ነው።

ነርስ ከጅሬን፣ ኅዳር 6

ስለ ጤና ጥቂት ልበል። ፈጥነው በሚፈስሱ ጅረቶች ዳር የሚራቡ ትናንሽ ጥቁር ዝንቦች ኦንኮ የሚባለውን፣ ቆዳን የሚያሳክክና ዓይንን የሚያሳውር በሽታ ያስተላልፋሉ፤ የጅማ ዞን ወረዳዎችም ለዓመታት የአይቨርሜክቲን መድኃኒት በዘመቻ ሲታደልባቸው የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ቀን የሚውል ጎብኚ በዚህ ሊሰጋ አይገባም፤ በሽታው የሚይዘው በተደጋጋሚ ለረጅም ጊዜ የተነከሰን ሰው ነው። ቢሆንም ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ረጅም ሱሪ ይልበሱ። የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ማስገባት ከጉንዳን ያድናል፤ በደን ውስጥ የጉንዳን ሰልፍ የረገጠ ልጅ ይህን ምክር ሁለተኛ አይረሳውም። ሳማውንም ሱሪው ይከላከለዋል።

ከወንዙ በቀጥታ አትጠጡ። ውሃው ቢጠራም ከላይ ከብት ይጠጣበታል፣ አልቅትም ሊኖርበት ይችላል። አስም ያለባት ልጅ የምትነፋውን መድኃኒት በሌላ ሰው ቦርሳ ሳይሆን በራሷ ኪስ ትያዝ።

ከሁሉም በላይ አደራ የምለው ስለ ጫማ ነው። ለጎብኚዎቹ መንሸራተትን የሚከላከል ጥርስ ያለው ጫማ ይበቃል። ነገር ግን መንገድ እናሳያችሁ እያሉ የሚከተሉ ባዶ እግራቸውን የሆኑ የአካባቢው ሕጻናትም ይኖራሉ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት ባዶ እግር መሄድ በደጋው ሕዝባችን ላይ የሚታየውን የእግር ዝሆኔ ያስከትላል፤ ትንኝ የማያስተላልፈው፣ በጫማና እግርን በሳሙና በመታጠብ ብቻ መከላከል የሚቻል በሽታ ነው። ክበባችሁ ለጉዞው የሚያዋጣው ገንዘብ ካለ ለሕጻናቱ ሳንቲምና ከረሜላ ከመበተን ይልቅ፣ በማኅበሩ በኩል ጫማ ቢገዛላቸው ትልቅ ነገር ነው።

የአወይቱ ዳር ልጅ፣ ኅዳር 7

የውሃ ባለሙያውን አከብራለሁ፤ ስለ ምልክቱና ስለ ካርታው ግን የተለየ ሐሳብ አለኝ። እኔ ያደግሁት በአወይቱ ዳር ነው። የከተማችን ወንዝ ዛሬ ቆሻሻ የሚጣልበት የሆነው ሰው ወንዙን ጀርባውን ሰጥቶት ስለኖረ ነው። ዳሩ ላይ የሚሄድበት፣ የሚቀመጥበት፣ የሚያየው ሰው ቢኖር ኖሮ የሚቆረቆርለትም ይኖር ነበር። የበለጠ ሸለቆም ሰው ካላወቀው አንድ ቀን ዛፉ አልቆ፣ በቦታው ጫት ወይም ባሕር ዛፍ በቅሎ ብናገኘው ማን ይጠይቃል? ለሸቤና ለሰቃ ወጣቶችም ሥራ ያስፈልጋል። ጎረቤቶቻችን የካፋና የያዩ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆነው ተመዝግበው እንግዳ ይቀበላሉ፤ የእኛ ለምን ተሸሽጎ ይቀራል? ምልክት ይደረግ፣ ካርታም ይውጣ፣ ሰውም ይምጣ እላለሁ።

የደን ተመራማሪ፣ ኅዳር 7

ወንድሜ፣ ስለ አወይቱ ያልኸው ልብ የሚነካ ነው፤ ሰው የማያውቀውን አይጠብቅም በሚለውም እስማማለሁ። ነገር ግን ማወቅና መርገጥ አንድ አይደሉም። የወንዝ ዳር ደን ከሌላው ደን ይልቅ ስስ ነው። ስፋቱ ጥቂት ነው፣ አፈሩ እርጥብ ነው፣ የዛፎቹም ሥር የሚታየው ከላይ ነው። በዶቅማው ሥር ላይ በየሳምንቱ ብዙ ሰው ቢረማመድ ልጡ ይላጣል፣ ሥሩ ይጋለጣል፣ ዳሩ ይናዳል። ጥላው ሲሳሳ ውሃው ይሞቃል፣ በውሃው ውስጥ ያለው ሕይወትም ይለወጣል።

በዛፍ ላይ ቀለም መቀባትን በተለይ እቃወማለሁ። በየመንገዱ የምታዩት ቅርፊቱ የጠቆረ ትልቅ ዛፍ ጥቁር እንጨት ነው። ቅርፊቱ ለመድኃኒት ስለሚፈለግ በዓለም ላይ ተመናምኗል፤ ዓለም አቀፍ ንግዱም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ ቆሞ ይደርቃል። ምልክት ለማድረግ ልጡን መፋቅ የተለመደ በመሆኑ አንዱ የቀባውን ሌላው በገጀራ እንዳያደምቀው እሰጋለሁ።

ለተማሪዎቹ ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ብርብራን አሳዩአቸው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ የማይበቅል ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣን ስለሚያደነዝዝ ጥንት ለዓሣ ማስገሪያ ይውል ነበር፤ ይህን ስትነግሯቸው ግን ዱቄቱ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ እንደሚጎዳና ዛሬ ሊደረግ እንደማይገባ አብራችሁ ንገሯቸው። ኮረሪማም በጥላው ሥር ይገኛል፤ እናቶቻቸው በርበሬ ሲያዘጋጁ የሚያውቁት ፍሬ ከመሬት ተጠግቶ ሲበቅል ያያሉ። ጉሬዛ ሲያጋጥማችሁ ምግብ አትስጡት። ሆዱ የተሠራው ቅጠል ቀስ በቀስ እንዲፈጭ ሆኖ ስለሆነ ዳቦና ብስኩት አይስማማውም። እጁንም አስተውሉ፤ አውራ ጣቱ የለም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አጭር ሲሆን፣ ቅርንጫፍ የሚይዘው በአራቱ ጣቶቹ ነው። ዲኩላ፣ ከርከሮና ነብር በአካባቢው ቢኖሩም በቀን ብዙ ሰው ሲንቀሳቀስ ከመንገድ ይርቃሉ።

ሌላም ሳልናገር የማላልፈው ጉዳይ አለ። የደን ቡና ለምርት ሲባል በየዓመቱ ከሥሩ ያለው ቁጥቋጦ ይመነጠራል። ምንጣሮው ቡናውን ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከቁጥቋጦው ጋር የነገዎቹ የቀረሮና የጥቁር እንጨት ችግኞች ይቆረጣሉ። ዛሬ ቆሞ የሚታየው ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው የለም ማለት ነው። በመንገዳችሁ ከቡናው ወደ ሸለቆው ስትወርዱ ይህን ልዩነት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ ከላይ አሮጌ ዛፍና ቡና ብቻ፣ ከታች ግን ሕጻኑም ጎልማሳውም ሽማግሌውም ዛፍ አንድ ላይ ቆሟል። ወንዙ ዳር ያለው ደን የላይኛው ደን የዘር ጎተራ ነው። እዚያ ብዙ ሰው እንዲመላለስ የማልፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሾፌር በቦንጋ መስመር፣ ኅዳር 8

ከጅማ መነኻሪያ ወደ ሸቤና ወደ ቦንጋ የሚሄዱ ሚኒባሶች ማለዳ ይበዛሉ። ደኑ ከከተማው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለተማሪዎች ቡድን ግን ሙሉ መኪና ተከራይታችሁ ሾፌሩን ብታስጠብቁ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ከቦንጋ የሚመለሱ መኪኖች ሞልተው ስለሚያልፉ በመንገድ ዳር ብዙ ያስጠብቃሉ። በደኑ ውስጥ አስፋልቱ ጠመዝማዛና ጉም የሚበዛበት በመሆኑ ተማሪዎቹ በመንገዱ ጠርዝ ላይ ተሰልፈው እንዳይቆሙ አደራ እላለሁ።

የአወይቱ ዳር ልጅ፣ ኅዳር 8

ተመራማሪው ስለ ችግኞቹ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የቀለሙን ነገር ትቻለሁ። ይሁንና ጥያቄዬ አልተመለሰም፤ ወጣቱ ከዚህ ደን ቡናና ማር ካልሆነ በቀር ምን ይጠቀማል? የቡና ቦታ የሌለው ወጣት አለ፤ አባቱ ያካፈለው መሬት ያልደረሰው አለ። ያ ወጣት እንጨት ቆርጦ ከሰል ቢያከስል በምን አፍ እንወቅሰዋለን?

ንብ አናቢ ከሸቤ ሶምቦ፣ ኅዳር 9

ልጄ፣ ጥያቄህ የእኛም ጥያቄ ነው፤ በማኅበሩ ስብሰባ ላይም ይነሳል። እኔ የማስበውን ልንገርህ። ምልክት በዛፍ ላይ ሲቀባ መንገደኛው ሰው አያስፈልገውም፤ ካርታውን ይዞ ይመጣል፣ ካርታውን ይዞ ይሄዳል፣ ማንንም ሰላም አይልም። ምልክት በሌለበት መንገድ ግን የሚመራው ሰው ያስፈልገዋል፤ የሚመራው ደግሞ ያ መሬት ያልደረሰው ወጣት ነው። ማኅበሩ ጥቂት ወጣቶችን መርጦ፣ መንገዱንና ዛፎቹን አጥንተው፣ በተራ እንግዳ እንዲያጅቡ ቢያደርግ፣ ክፍያውም በደረሰኝ ሆኖ ከፊሉ ለወጣቱ፣ ከፊሉ ለማኅበሩ ቢገባ፣ ሥራውም ይገኛል፣ የሚገባው ሰው ቁጥርም በእጃችን ይሆናል። በአንድ ቀን ከአንድ ቡድን በላይ አናስገባም ማለት እንችላለን። በለቀማና በገተም አበባ ጊዜ መንገዱን እንዘጋለን።

ይህን ለማድረግ ሕጉም ይፈቅድልናል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን ብሎ ባለቤትነትን ለይቶ አውቋል። መብቱን ካወቀልን ኃላፊነቱን እኛው እንወጣለን።

የውሃ ባለሙያ፣ ኅዳር 9

በዚህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ወጣቶቹ የወንዙን ውሃ መከታተልም ይማሩ። በጅማ ዞን በብዙ ጅረቶች ላይ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች አሉ፤ በለቀማ ወቅት የቡናው ገለባና ፍሬውን የሸፈነው የሚያዳልጥ ንፍጥ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ውሃውም ይጠቁራል፣ ይሸታል። መምህሩ የገለጹት ሸለቆ ከማጠቢያዎች በላይ በመሆኑ ንጹሕ ነው። ተማሪዎቹ ከሾላው መስክ ድንጋይ ገልበጥ አድርገው ከሥሩ ያሉትን የውሃ ነፍሳት ይዩ፤ ከማጠቢያ በታች ካለ ሌላ ጅረት ጋርም ያነጻጽሩ። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ነፍሳት ስላሉ፣ መሣሪያ ሳያስፈልግ ስለ ወንዙ ጤና ብዙ ማወቅ ይቻላል። ድንጋዩን ወደ ቦታው መመለሳቸውን ግን ይቆጣጠሩ።

የሄርማታ መምህር፣ ኅዳር 11

ለሰጣችሁኝ ምክር ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቀለሙንና የካርታውን ሐሳብ ትተነዋል። በመጪው ቅዳሜ ከክበቡ ሁለት ተወካይ ተማሪዎች ጋር ወደ ቀበሌው መጥቼ ከማኅበሩ ሰብሳቢ ጋር እነጋገራለሁ፤ አጃቢ ወጣቶች እንዲመደቡልንም በጽሑፍ እንጠይቃለን። ተማሪዎቹን በሁለት ቡድን ከፍለን በተለያየ ቀን እንወስዳቸዋለን፤ ማለዳ ከጅማ ተነስተን እስከ ቀትር ሾላው ጋ እንድንደርስና ምሳችንን ከወንዙ ከፍ ባለው መስክ ላይ እንድንበላ አቅደናል። አስም ያለባት ተማሪያችንና ሌሎች መድከም የሚችሉ ልጆች ከአንድ መምህር ጋር በከብቱ መንገድ ይመለሳሉ። ለጫማው የሚውል መዋጮም ዛሬ ጀምረናል፤ የሕጻናቱን ቁጥርና የእግራቸውን ልክ ማኅበሩ ቢልክልን ደስ ይለናል።

እናት ከመንቲና፣ ኅዳር 11

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ እንድትሄድ ፈቅጃለሁ፤ ፈቃድ ከተገኘ እኔም ከቡድኑ ጋር ብመጣ ደስ ይለኛል።

ንብ አናቢ ከሸቤ ሶምቦ፣ ኅዳር 12

እንኳን ደህና መጡልን፤ ቅዳሜ ከጁምዓ ማግስት ስለሆነ የማኅበሩ አባላት ይገኛሉ። አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳውቅዎ። በላይኛው መሻገሪያ ላይ የነበረውን ግንድ ክረምቱ ወስዶታል። ለቀማው እንዳለቀ፣ ነፋስ ከጣለው ብሳና ላይ አዲስ ግንድ ቆርጠን እናጋድማለን፤ መያዣ የሚሆን ሐረግም በሁለቱም በኩል እንወጥራለን። ሥራው እስከ ጥር መጀመሪያ ይደርሳል። ካልደረሰ ግን በታችኛው፣ ውሃው በሚሰፋበት መሻገሪያ እናሳልፋችኋለን፤ እዚያ ጥልቀቱ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም።